የሚስቴ ስም ጨረታ የወጣበት ሰሞን

እናንተዬ፣ የሚስታችሁ ስም በሐራጅ ሲሸጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም በዶላር፤ ያውም መነሻ ዋጋው ሁለት ኪሎ ቅቤ የማይገዛ። እንዲህ ያለው ጉድ የሚደርሰው በሰው ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ማለት ደግሞ እኔም እንደሆንኩ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

አዳማ ውስጥ ድንኳንና ወንበር አከራይ ነኝ። ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ እንግዳው ከቤት ሲተርፍ የምጠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ ካህናቱን ሳይጨምር፣ በከተማው ከደስታም ከኀዘንም እኩል እንጀራ የሚበላ ሰው ቢፈለግ ከእኔ አያልፍም። ድርጅታችን «አስካለ ድንኳን» ይባላል። አስካለ ባለቤቴ ናት። የመጀመሪያውን ድንኳን የገዛነው እሷ የአንገት ወርቋን ሸጣ ነው። ያን ቀን ወርቁን ፈትታ በመሐረብ ጠቅልላ እጄ ላይ ስታኖረው አንጀቴን በላችው፤ ከዚያ ወዲህ ስሟን ባገኘሁት ነገር ላይ ሁሉ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ድንኳኑ ላይ አለ። አይሱዙው በር ላይ አለ። ስድስት መቶ የፕላስቲክ ወንበሮች ጀርባ ላይ አለ። አንድ ሰሞን ጭልፋ ላይም ጀምሬ ነበር፤ ወጥ ቤቶቹ ቀለሙ ወጡ ውስጥ ይገባል ብለው ስላኮረፉ ተውኩት።

የዛሬ አምስት ዓመት ሰርጉን በእኛ ድንኳን የደገሰ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ኪሱ ቢራቆት፣ «ከቀረብኝ ሂሳብ ግማሹን በሥራ ልክፈላችሁ» ብሎ ዌብሳይት ሠራልን። «አስካለድንኳን ነጥብ ኮም» ይባላል። ድንኳኑን በፎቶ ሳየው ራሴው ልከራየው ቃጣኝ። ሰውየው ሲሰናበተኝ፣ «የአምስት ዓመት ከፍዬበታለሁ፣ ከዚያ ማደስ አለባችሁ» ብሎኝ ነበር። አምስት ዓመት ማለት ደግሞ ለእኔ ቢጤው እግዜር ብቻ የሚያውቀው ዘመን ነው። «እሺ» አልኩና ሠዓሊ ጠርቼ በስድስት መቶው ወንበር ላይ «ነጥብ ኮም» አስጨመርኩበት።

አስካለ ሁሩታ ያለችው እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ የሄደችው ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ ነው። አሥራ አምስት ቀን እቆያለሁ ብላ፣ ገንፎ ማገንፊያውን ሳይቀር ይዛ ሄደች። በሄደች በሦስተኛው ቀን አንድ የሙሽራ አባት ሶደሬ ላይ ለሚደግሰው ሰርግ ድንኳን ሊመርጥ መጣ። እኔም ኩራቴ ተነሣና፣ «ለምን ወደ መጋዘን እንደክማለን፤ ዓለም በእጃችን ናት» ብዬ ስልኬን አውጥቼ ዌብሳይቱን ከፈትኩ።

ድንኳኖቼ የሉም። በነሱ ቦታ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ነጭ ገጽ፣ ከሥሩ ደግሞ አሥር ዶላር የሚል ዋጋና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ተቀምጧል። ሰውየው መነጽሩን አውጥቶ ተጠጋ።

«ድንኳኑ ይኼ ነው?»

«አይ፣ ይኼ ማስታወቂያ ነው።»

«የሚሸጥ ነው እኮ የሚለው።»

«የኢንተርኔት ጠባይ ነው፤ ሁሉንም ነገር ይሸጣል» አልኩትና እጁን ይዤ ወደ መጋዘን ወሰድኩት። ድንኳን እያሳየሁት ምን እንዳወራሁለት እግዜር ይወቀው፤ ግን ተከራየኝ።

በቀጥታ የሄድኩት ሮማን ዘንድ ነው። ሮማን በሰፈራችን የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት ያላት፣ አርባዎቹን የጀመረች፣ ማኅተም የምትወድና የማትቸኩል ሴት ናት። ገጹን አይታ ወንበር ሳበችልኝ። ሰው ወንበር ሲስብልኝ ደግ ነገር እንደማይከተል ከሥራዬ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ የኢንተርኔት ስም አይገዛም፤ ይከራያል» አለችኝ። «የቀበሌ ቤት በሉት። ኪራዩ ካልተከፈለ ይታሸጋል፤ ጥቂት ጊዜ ይጠብቁዎታል፤ ካልመጡ ጨረታ ያወጡታል። የበለጠ የሰጠ ይወስደዋል።»

«እኔ እኮ ነኝ ባለቤቱ።»

«ነበሩ» አለች ሮማን።

በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፤ እንደዚያን ቀኑ «ነበሩ» ያለ ግን አልገጠመኝም።

«ሳያስጠነቅቁ?» ብዬ ጮህኩ። አስጠንቅቀው ኖሯል። ኢሜይሌን ከፍታ አሳየችኝ፤ አምስት ጊዜ ጽፈውልኛል። አንዱንም አልከፈትኩትም። ያልከፈትኩበት ምክንያት ደግሞ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የጄኔራል ሚስት ነኝ የምትል ሴት በኢሜይል ስፍር ቁጥር የሌለው ገንዘብ ልታወርሰኝ ተነሥታ፣ እኔም ለእድሩ አዲስ አዳራሽ ቃል እስከመግባት ደርሼ ነበር። ያኔ አስካለ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ብትከፍት እኔና አንተ አንተዋወቅም» አለችኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ታዘዝኩ። በትዳሬ ዘመን ሚስቴን ያለ ማንገራገር የታዘዝኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ዋጋዬን አገኘሁ።

«እሺ፣ ማን ይገዛዋል? አስካለ ድንኳን ለአሜሪካ ሰው ምን ያደርግለታል?»

«ስሙን አይተው አይደለም የሚገዙት። ሰው የለመደው አድራሻ ከሆነ ቁማር ያስገቡበታል» አለች ሮማን፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከቁማርም የባሰ የሚያስገቡ አሉ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስድስት መቶ ለቀስተኛ በስድስት መቶ ወንበር ተቀምጦ፣ ከጀርባው የቁማር ቤት አድራሻ ተለጥፎ ታየኝ። ከፊት ረድፍ አማቴ። እጃቸው ላይ መቁጠሪያ። ከወንበሩ ይልቅ ግን የበለጠ የከበደኝ አስካለን ምን ብዬ እንደማያት ነው። ወርቋን ሰጥታኝ በምትኩ ስሟን ጻፍኩላት፤ ስሟን ደግሞ ጠብቄ ማኖር አቃተኝ። ስሙን ሳልመልስ እንዳትሰማ ብዬ ማልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም አልኩ።

ጨረታ ማለት ለእኔ የመንግሥት ጨረታ ነው፤ የእድሜዬን እኩሌታ የመሥሪያ ቤት አዳራሽ ወንበር ስጫረት ኖሬያለሁ። ስለዚህ በማግሥቱ የታደሰ ንግድ ፈቃዴን፣ የግብር ክሊራንሴን፣ የዋጋ ማቅረቢያዬን አንድ ኦሪጅናልና ሁለት ኮፒ አድርጌ፣ በሦስት ኤንቨሎፕ በሰም አሽጌ፣ ገጹን ሁሉ ማኅተም አሳርፌበት ሮማን ዘንድ ቀረብኩ። «የጨረታ ማስከበሪያው ሲፒኦ ስንት በመቶ ነው?» አልኳት። ሮማን ኤንቨሎፖቹን ገልብጣ ገልብጣ አየች። ማኅተሙን በጣም ወደደችው።

«ጋሼ፣ ይኼን ለማን ነው የምሰጠው?»

«ለኮሚቴው።»

«ኮሚቴ የለውም። ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ኮሚቴ የሌለው ጨረታ እንዴት ይታመናል? ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዶላር የሚከፍል ካርድ ያላት እሷ ናትና በእሷ በኩል አሥራ ሁለት ዶላር ሰጠሁ። «ተጫራች አንድ» ተባልኩ። ስም የለም፣ አድራሻ የለም፤ ቁጥር ብቻ። ጨረታው የሚዘጋው የሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። በዓለም ላይ ለዚህ ስም ሌላ ፈላጊ እንደማይኖር እርግጠኛ ሆኜ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት ሮማን ደወለች። «ተጫራች ሁለት መጥቷል። አሥራ አምስት ብሏል።»

አሥራ ስምንት አልኩ። ከምሳ በፊት ሃያ አለ። ሃያ አምስት አልኩ። ሠላሳ አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ያ ሰው ማን ይሁን፣ የት ይሁን አላውቅም፤ ግን ጠላሁት። መልክ ሰጠሁት፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰውዬ አደረግኩት። መኪና ስነዳ እሰድበዋለሁ። ወንበር ስቆጥር እረግመዋለሁ።

ዶላሩ ሲያስፈራኝ ጊዜ ዋጋውን በሥራዬ መተርጎም ጀመርኩ። ማክሰኞ ዕለት የአንድ ትንሽ ለቅሶ ወንበር ነበር። ረቡዕ መለስተኛ ሰርግ ሆነ። ሐሙስ ሰርጉ መልስና ቅልቅል ጨመረ።

በዚያው ሐሙስ አንድ ትልቅ ለቅሶ ቤት ድንኳን እየተከልኩ ስልኬ ጮኸ። ለቀስተኛው በዝምታ ተቀምጧል። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ ኋላ ተሸጉጬ፣ «ጨምሪ! ጨምሪ አልኩሽ! አንድ መቶ ሃያ!» አልኩ፤ በሹክሹክታ ያልኩት መስሎኝ ነበር። ከአፍታ በኋላ የእድሩ ጸሐፊ ዓይኑ እንባ አቅርሮ መጣና ትከሻዬን ያዘኝ። «ወንድሜ፣ ሟቹን ያን ያህል ትወደው ኖሯል? ቤተሰቡ መቶ ወንበር ነበር ያዘዘው» አለኝ። ምን ልበል? የራሴን መቶ ሃያ ወንበር በነፃ አስመጣሁ። ሃያው ትርፍ ነውና ባዶውን ሲታይ ዋለ፤ ሟቹን ግን እስከዛሬ አላውቀውም።

በመሐል አስካለ ትደውላለች። ወትሮ ስትደውል በሬው፣ በጉ፣ የጎረቤቱ ነገር ሁሉ ይነሣል፤ ያን ሰሞን ግን ቁጥብ ሆናብኛለች።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አራሷስ?»

«ደህና ናት። ሰሞኑን... ኢንተርኔት ነገር ትከፍታለህ?»

«እኔ? ምን አግብቶኝ!»

«እሱስ ደግ ነው። አትክፈት» አለች።

ዋሽቻት ማመኗ አሳዘነኝ። ስልኩን ዘግቼ በተጫራች ሁለት ላይ አሥር ዶላር ጨመርኩ።

ምክር የሚሰጥ ሰው አማረኝ። የአስካለ ታናሽ ወንድም ዘሪሁን መቂ ላይ የታወቀ የሽንኩርት ደላላ ነው፤ በዋጋ ክርክር ስንቱን የአዲስ አበባ ነጋዴ በላብ ያጠመቀ። ግን እውነቱን ብነግረው ለእህቱ ማድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን አድበስብሼ፣ «አንድ ዕቃ ልገዛ ብዬ አንድ ሰው ዋጋ እየሰቀለ መከራዬን ያበላኛል፤ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እንዳትለቅ» አለኝ። «እንዲህ ያለው ሰው ልቡ ዓርብ ዓርብ ይሰበራል። እኔም ሰሞኑን አንድ ደረቅ ሰውዬ ገጥሞኛል። የአንተ ቢጤ ጨዋ መሰለህ? የለየለት ግትር! ግን አልለቀውም፤ ወይ እሱ ወይ እኔ።»

«በርታ» አልኩት ከልቤ። «አንተም በርታ» አለኝ። ተመራርቀን ዘጋን።

ዓርብ ደረሰ፤ የሰውየው ልብ አልተሰበረም። የተሰበረው የእኔ ነው። በዚህ ጊዜ ነው አባቶቻችን ያስተማሩን ነገር ትዝ ያለኝ። ሮማን ዘንድ ሄጄ፣ «ሽማግሌ እልክበታለሁ» አልኳት።

«ኢንተርኔት ላይ ሽማግሌ አይላክም፣ ጋሼ።»

«ሰው ካለበት ሽማግሌ ይሄድበታል። እሱ ሰው አይደለም?»

የእድራችንን ሊቀ መንበር ጋሽ ቱሉንና ሐጂ ከድርን ጠራሁ። ሁለቱም ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ያላስታረቁት ጠብ፣ ያልጠየቁት ሙሽራ የሌለ ሰዎች ናቸው፤ የእኔንም ጋብቻ የጠየቁልኝ እነሱ ናቸው። ነገሬን ሲሰሙ ጋሽ ቱሉ ዱላቸውን ተመርኩዘው ብዙ አሰቡ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰው የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም፣ ጋሽ ቱሉ። ተጫራች ሁለት ነው የሚባለው።»

«አባቱ ማን ይባላል?»

«እኔ እንጃ።»

«አባት የሌለው ሰው ደጅ ምን ተብሎ ይቆማል?» ብለው ወደ ሐጂ ከድር ዞሩ። ሐጂ፣ «አላህ ያውቃል፤ አገሩን ፈልጉልን እንጂ መሄዱንስ እንሄዳለን» አሉ።

አገሩን ያገኘችልኝ ሮማን ናት፤ «አስካለን ይኼን ያህል የሚፈልግ የእኛው አገር ሰው ነው» ብላ ጀመረች። ከአዳማ እስከ ዝዋይ ባለው መንገድ እንዲህ ዓይነት ካርድ ይዘው ለሰው የሚጫረቱ አራት ብቻ ናቸው፤ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ለአንዱ ስትደውል፣ ለሁለተኛው ስትደውል፣ የመቂው ሳቀባት። ተጫራች ሁለት የእሱ ደንበኛ ነው! የደንበኛውን ስም ግን አልናገርም አለ፤ ሮማንም የእኔን አልተናገረችም። «እኛ እንደ ንስሐ አባት ነን» አለችኝ ኮራ ብላ። ይልቅ የገረማት ነገር፣ የመቂው ደንበኛም ሽማግሌ ልኮ ሊለምን እያሰበ ኖሯል። ሁለቱ አስማሚዎች ተነጋግረው ቀጠሮ ቆረጡልን፤ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እኩል መንገድ ላይ፣ ቆቃ ዓሣ ቤት። ሁለቱም ወገን ሽማግሌውን ይዞ ይምጣ።

ከመሄዴ በፊት ለሮማን ትእዛዝ ሰጠሁ። «ሽምግልናው ካልያዘና ስልክ ካላነሣሁ አንቺው ጨምሪ።»

«እስከ ስንት?»

«እስኪሰለቻቸው!»

ጻፈችው፤ አስፈረመችኝ፤ ማኅተም መታችበት።

ሽማግሌዎቹን አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አስቀምጬ ተነሣን። ሰውየው በሩ ላይ ያለውን ስም አይቶ ዋጋውን እንዳይቆልልብኝ ብዬ፣ ያን ሁሉ ዘመን የጻፍኩትን ስም በገዛ እጄ በሸራ ሸፈንኩት። ደስ አላለኝም።

ዓሣ ቤቱ ደጃፍ ሽንኩርት የተቆለለበት ሌላ አይሱዙ ቆሟል። ገባን። ከጥግ ካለው ጠረጴዛ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጀርባውን የሰጠ አንድ ወንድ፣ ነጠላዋን ተከናንባ የምትቁለጨለጭ አንዲት ሴት። ከፀሐይ ስለገባሁ ዓይኔ ጨለመብኝና ማንንም አልለየሁም። ጋሽ ቱሉ ግን ቆም ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ ደምሴ?»

ከጋቢው ውስጥ ቀና ያሉት የአስካለ አጎት ናቸው። አባቷ ቀደም ብለው ስለሞቱ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት አስካለን የዳሩልኝ እሳቸው ናቸው። ጋሽ ቱሉን አዩ፣ ሐጂን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

«ፈያ፣ ፈያ። ደግሞ ምን ልትጠይቁ መጣችሁ?» አሉ። «የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅቷን ሰጥቻችኋለሁ። ሌላ የለኝም።»

ጋሽ ቱሉ እስከዛሬ የሚያኮራኝን መልስ የሰጡት ይሄኔ ነው። ዱላቸውን ተክለው፣ «ልጅቷንማ ወስደናል፤ ክፉም አላየንባት» አሉ። «አሁን የመጣነው ስሟን ልንጠይቅ ነው።»

ሴትየዋ ዞረች። አራስ ቤት ገንፎ እያገነፋች ነው የምላት ሚስቴ ናት።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ዓሣ ልበላ።»

«ከጋሽ ቱሉና ከሐጂ ከድር ጋር?»

«አንቺስ? ሁሩታ በቆቃ በኩል ሆነ እንዴ?»

ጀርባውን ሰጥቶ የነበረው ወንድ ዘሪሁን ነው። ሂሳብ ፈጥኖ የሚገባው እሱ ነውና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ፣ «ጋሼ፣ ያ ግትር አንተ ነህ?» አለ።

 ከዚያ አስካለ መናገር ጀመረች፤ አንዴ ከጀመረች አታቆምም። የማስጠንቀቂያው መልእክት ለእሷም ደርሷት ኖሯል። እሷም ራሷ ባወጣችው ሕግ ሳትከፍት ስታጠፋ ከርማለች። ሁሩታ ሆና ለእህቷ ድንኳን አሳያለሁ ብላ ስትከፍት ያንን ነጭ ገጽ አገኘችው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አትክፈት ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ቢሰማ ወንበር ወንበሩን እያየ ያለቅሳል፤ ሳይሰማ ላስመልስ» ብላ ለዘሪሁን ደወለች። ከሁሩታ ወደ መቂ ስትሻገር አዳማን ያለፈችው በሚኒባስ ውስጥ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አሟት መስሏት ሎሚ አሽታታለች።

ሳቁ መጀመሪያ የወጣው ከሐጂ ከድር ነው። ከዚያ ሁላችንም። እኔ እየሳቅኩ አፈርኩ፤ አፍሬ ሳቅኩ። አሥር ቀን ሙሉ ስሰድበው የከረምኩት ቀይ ወፍራም ሰውዬ ይህች ናት። ሐጂ እንባቸውን ጠርገው፣ «ሽምግልናው አልቋል፤ ዓሣው ይምጣ» አሉ።

ዓሣው መጥቶ ግማሹ ላይ ስንደርስ ዘሪሁን እጁ አፉ አጠገብ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያቺን ሴትዮ ምን ብለሃት ነው የመጣኸው?»

«እስኪሰለቻቸው ጨምሪ።»

አስካለ ደረቷን መታች። «እኔም ‹ብሞትም አትልቀቅ› ብዬው ነው የመጣሁት።»

ሰዓቱ አሥር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሁለቱ ታማኝ አገልጋዮቻችን፣ አንዷ አዳማ አንዱ መቂ ቁጭ ብለው፣ እኛ አንድ ሳህን ላይ ዓሣ ስንቆርስ በእኛው ገንዘብ እየተላለቁ ነው። ስልኬን አነሣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ዘሪሁን አነሣ፤ የለም። አስተናጋጁ፣ «ሰማይ ጠጋ ካላላችሁ እዚህ አይሠራም» አለን።

ሰማይ ጠጋ ያለ ነገር ቢፈለግ የዘሪሁን ሽንኩርት ብቻ ነው። ዘሪሁን ጋቢናው ላይ ወጣ፤ እኔና አስካለ ተጎታትተን የጆንያው ቁልል ጫፍ ደረስን። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ከታች ቆሙ። ስልኬ ነፍስ ዘራ። ከሮማን አሥራ አንድ መልእክት። ሰርጉ የሙዚቃ ባንድ፣ ቪዲዮና ሁለት በሬ ጨምሯል!

«ሮማን፣ አቁሚ!»

«ጋሼ፣ ፈርመዋል እኮ። እስኪሰለቻቸው ይላል። ገና አልሰለቻቸውም።»

«ተስማምተናል፤ አቁሚ!»

«አስገድደውዎት እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?»

አስካለ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ሮማን፣ አስካለ ነኝ።»

«የትኛዋ አስካለ?»

«ጨረታ ላይ ያለችው።»

ሮማን ጭማሪውን አቆመች። በዚያ በኩል ዘሪሁንም የመቂውን በስድብና በልመና አስቆመው። የመጨረሻው ዋጋ በእኔ ስም ሆኖ ቆመ። የጨረታው ወግ ግን በመዝጊያው ሰዓት ዋጋ በተጨመረ ቁጥር ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል፤ ሰባት ደቂቃ ቀርቶታል። ሦስተኛ ሰው ቢመጣስ? እውነተኛው ቁማርተኛ እስኪደክመን አድብቶ ቢሆንስ? አስካለ እጄን ያዘች። ስድስት። አምስት። ከታች ጋሽ ቱሉ በኦሮምኛ፣ ሐጂ በአረብኛ፣ ጋሽ ደምሴ በአማርኛ ይለምናሉ። ሦስት። አንድ። ሰዓቱ ዜሮ ላይ ቆመና ገጹ ተቀየረ፤ ወዲያው ሮማን፣ «አሸንፈዋል፤ ደረሰኙ ላይ ማኅተም አድርጌበታለሁ» ብላ ላከች።

ከታች እልል ተባለ። እኔም እልል ልል ስል አስካለን አየኋት። ፊቷ ጠቆር ብሏል።

«ማንም አልመጣም እኮ» አለች።

«ምን?»

«ከእኔና ካንተ ሌላ። አሥር ቀን ሙሉ ዓለም ፊት ተዘርግቶ አንድ ሰው እንኳ አንዲት ዶላር አልሰጠበትም። ይኼን ያህል የማያምር ስም ነው?»

ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሬ እንዲህ ላለው ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ አግኝቼ አላውቅም። «እኔ መጥቻለሁ» አልኩ።

«አንተማ መጣህ። ዛሬ ባንስማማ ኖሮ የት ድረስ ልትሄድ ነበር?»

 እጄን ወደ ደረት ኪሴ አስገብቼ፣ ጠዋት ከሳጥን አውጥቼ የያዝኩትን የአይሱዙውን የባለቤትነት ደብተር፣ ሊብሬውን፣ ጆንያው ላይ አኖርኩላት። እንጀራችንን የሚጎትተው መኪና ነው። ገለጠችው፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ፊቷን አዙራ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ያዘች።

«ሽንኩርቱ ነው» አለች።

ዘሪሁን ከጋቢናው ላይ ሆኖ ሰማት። «ሃያ ዓመት ሽንኩርት ሸጥኩ» አለ፣ «ያልተላጠው ሲያስለቅስ ያየሁት ግን ዛሬ ነው።»  ዓሣው ቀዘቀዘ ብለው ሽማግሌዎቹ ከታች ይጣራሉ፤ እኔና አስካለ ግን ለመውረድ አልቸኮልንም።